ሥልጠና ወይስ መካሪ? በጎጃም ከተሞች ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች የጎደለው

«ሜንተርሺፕ» የሚለው ቃል ከአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች ወጥቶ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከደረሰ ቆይቷል። በአንዱ መድረክ የሁለት ቀን ሥልጠና ሜንተርሺፕ ይባላል። በሌላው አንድ ነጋዴ ከባዶ ተነስቶ እንዴት ሀብት እንዳፈራ የሚያወጋበት የከሰዓት ዝግጅት ይህንኑ ስም ይይዛል። በሦስተኛው ደግሞ ያበደረው ተቋም ሠራተኛ በየወሩ ወደ ወጣቶቹ ሼድ ብቅ እያለ ቅጽ ይሞላል፤ እሱም ሜንተር ነው። ሦስቱም በየፊናቸው ጥቅም ሊኖራቸው ይችላል። ችግሩ አንድ ስም መጋራታቸው ነው። አንደኛው ሳይሳካ ሲቀር «ሜንተርሺፕ ሞክረን ነበር፣ ለውጥ አላመጣም» ይባልና ያልተሞከረ ነገር እንደ ወደቀ ሆኖ በሪፖርት ይሰፍራል።

መካሪ ማለት ምን እንደሆነ፣ ለጀማሪ ነጋዴ የሚጠቅመው በየትኛው መንገድ እንደሆነና በጎጃም ሁኔታ ምን እንደሚያሰናክለው ለያይቶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቃሉን ከጎረቤቶቹ መለየት

ሥልጠና አንድ አሠልጣኝ ለብዙ ሰው የሚሰጠው አጠቃላይ ዕውቀት ነው፤ ሒሳብ አያያዝ፣ የገበያ ጥናት፣ የሥራ ዕቅድ አዘገጃጀት። ማማከር ደግሞ ባለሙያ ለአንድ የታወቀ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ነው፤ ጥያቄው ሲመለስ ግንኙነቱ ያበቃል። «ኮቺንግ» የሚባለው አሠራር ሠራተኛው ራሱ መልሱን እንዲያገኝ በጥያቄ ማገዝ ነው። «ኢንኩቤሽን» ማለት ማቀፍ ሲሆን፣ ጀማሪ ድርጅቶችን በአንድ ቤት ሰብስቦ ቦታና አገልግሎት እየሰጡ ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት ነው።

ሜንተርሺፕ ወይም መካሪነት ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በቅርበቱና በርዝመቱ ነው። በሙያው የቆየ አንድ ሰው ሥራውን ገና ከጀመረ ሌላ ሰው ጋር ለወራት ይገናኛል፤ የሥራ ቦታውን ያያል፣ ደብተሩን ያገላብጣል፣ ዕቃ የሚያመጣለትን ሰው ስልክ ይሰጠዋል፣ ሲሳሳት ይነግረዋል። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው ተረት ይህን ቀድሞ ብሎታል። ተረቱ መካር የሚያስፈልገው አላዋቂ ብቻ ነው እንዳላለም ልብ ይሏል።

የአሠራሩ ምሳሌም ከሩቅ አይመጣም። ጎጃም የቅኔ አገር ናት። በዋሸራና በጎንጅ ስም በሚጠሩት የቅኔ ቤቶች ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል (ራሱ ይደርሳል)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ በማግሥቱም እንደገና ይቆጥራል። ከመምህሩ ፊት ከመቅረቡ በፊት የሚሰማውና ጉድለቱን የሚያሳየው ቀደም ያለ ተማሪ ይኖራል። ሕጉን በቃሉ ስላጠና ብቻ ባለቅኔ የተባለ ተማሪ የለም፤ የሚማረው በራሱ ቅኔ ላይ በደረሰበት እርማት ነው። ወጣቶችን ሥራ ለማስጀመር በምናዘጋጃቸው መርሐ ግብሮች ውስጥ ግን ሕጉ ይነገራል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ እርማቱ ይቀራል።

ጥያቄው ለምን ገፍቶ መጣ?

አንደኛው ምክንያት መሬት ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎጃም በሰፊው ከተነኩት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ በስሙ የደረሰው መሬት የለም። ያለው አማራጭ ከወላጅ መውረስ፣ መከራየት ወይም ከእርሻ ውጭ እንጀራ መፈለግ ነው። በዓባይ ወዲህ ማዶ ያለው ጤፍና ስንዴ አብቃይ ደጋ የቱንም ያህል ለም ቢሆን፣ ሦስትና አራት ወንድማማች የተካፈሉት ማሳ ለሁሉም ጎጆ አያወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ ወረዳዎች ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች። የሚመረቀው ብዙ ነው፤ ደመወዝ የሚከፍለው ጥቂት።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው ዋና መልስ ወጣቶችን በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ማደራጀት ነበር። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ተሻሻለ። በተሻሻለው መሠረት ጥቃቅን የሚባለው ባለቤቱን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራ፣ አነስተኛ የሚባለው ደግሞ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራ ነው። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። በክልሉ ብድሩ በአብዛኛው ያለፈው ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በተለምዶ አብቁተ በምንለው፣ በኩል ነበር። እንግዲህ ሼድ አለ፣ ብድር አለ፣ ሥልጠና አለ። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች ለአንቀሳቃሾች የሚሰጡት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎትም አለ፤ አራት ክፍሎቹም ኢንተርፕረነርሺፕ፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂና ካይዘን ናቸው፤ ካይዘን ከጃፓን የመጣ፣ የሥራ ቦታን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል ዘዴ ነው።

በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር አይታይም። ጉድለቱን ለማየት ወደ አንድ ሥራ ጠጋ ማለት ይሻላል።

ጾም የሌለበት የሥራ ዕቅድ

በጎጃም ከተሞች ለወጣት ቡድኖች ከሚመከሩት ሥራዎች አንዱ የእንቁላል ዶሮ እርባታ ነው። ዕቅዱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የ45 ቀን ቄብ ይገዛል፣ መኖው ይሰላል፣ ዶሮዎቹ 4 ወር ተኩል ገደማ ሲሞላቸው መጣል ይጀምራሉ፣ በቀን የሚገኘው እንቁላል በአንዱ ዋጋ ይባዛል፣ የወሩ ገቢ ይወጣል። ማባዛቱ ላይ ስህተት የለም። የጎደለው የቀን መቁጠሪያ ነው።

ቄቦቹ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ገቡ እንበል። ጥር ሲጠባ መጣል ይጀምራሉ። ምርታቸው እየጨመረ ሄዶ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ግን የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ፣ ማለትም በሁዳዴ እኩሌታ ነው። ሕዝቡ 55 ቀን እንቁላል በማይቀምስበት ወቅት ዶሮዋ አትጾምም፤ በየቀኑ ትጥላለች፣ በየቀኑም መኖ ትበላለች። እንቁላሉ ይከመራል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ የመኖ ነጋዴው ግን ጾም ነው ብሎ አይቀንስም። ወጣቶቹ መኖ ለመግዛት ሲሉ ገና በምርት ላይ ያሉትን ዶሮዎች በርካሽ መሸጥ ይጀምራሉ። ፋሲካ ሲደርስ፣ እንቁላል እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ሳምንት፣ ቤቱ ግማሹ ባዶ ነው። የብድሩ ክፍያ ቀን ግን በቦታው አለ።

እነዚያው ቄቦች ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቢገቡስ? የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያሳዩት መጋቢት ሲያልቅ ነው። ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ስለሚውል፣ ምርቱ ወደ ከፍታው የሚወጣው ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። የሰኔን ጾም ሁሉም ሰው አይጾመውም፤ የሚያሳስበው ቀጣዩ የነሐሴ ፍልሰታ ነው፣ እሱም 15 ቀን። በሁለቱ ዕቅዶች መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ወር መቆየት ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፣ ተጨማሪ ሥልጠናም አይጠይቅም።

ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። ደንበጫ ወይም ሞጣ ላይ አምስት ስድስት ዓመት ዶሮ ያረባች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ምናልባትም በመጀመሪያው ዓመት በኪሳራ የተማረችው ነው። በጾምም ቢሆን እንቁላል የሚወስደው ሆቴል የትኛው እንደሆነ፣ የኑግ ፋጉሎ በየትኛው ወር እንደሚረክስ፣ የየትኛው አቅራቢ ጫጩት በመንገድ እንደሚሞት ታውቃለች። ዕውቀቱ አለ፤ ያለው ግን በሰው ውስጥ ነው፤ በሥልጠና መመሪያ ውስጥ የማይገባውም ከቦታ ቦታ፣ ከወር ወር ስለሚለያይ ነው።

ጥናት ምን አገኘ?

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሥራ በጎረቤት ኬንያ ተሠርቷል። በናይሮቢ ዳንዶራ በሚባለው የድሆች ሰፈር አነስተኛ ንግድ የሚያካሂዱ ወጣት ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ። ከፊሎቹ በክፍል ውስጥ የንግድ ሥልጠና ወሰዱ፤ ከፊሎቹ እዚያው ሰፈር በንግድ ከተሳካላት አንጋፋ ሴት ጋር ተጣመሩ፤ የተቀሩት ለማነጻጸሪያ ያለ ምንም ድጋፍ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የሠለጠኑት አንዳንድ አሠራራቸውን ቢለውጡም ትርፋቸው አልጨመረም። መካሪ ያገኙት ትርፍ ግን በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ከፍ አለ።

ከቁጥሩ በላይ ትምህርት ያለው ከበስተጀርባው ያለው ምክንያት ነው። ትርፉ የመጣው በአብዛኛው ዕቃ በርካሽ ከሚሰጥ አቅራቢ ጋር በመገናኘት ነበር፤ መካሪዎቹ የሰጡት የሰፈሩን ገበያ መረጃ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ደስ አያሰኝም፤ ጥንዶቹ መገናኘት ሲያቆሙ ጥቅሙም እየከሰመ ሄደ። የዛሬው ርካሽ አቅራቢ ከወራት በኋላ ርካሽ ላይሆን ይችላል፤ አዲሱን የሚነግር ሰው ከሌለ ጀማሪዋ ወደነበረችበት ትመለሳለች።

በአገራችንም ተቀራራቢ ጥያቄ ያነሳ ጥናት አለ። ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወጣቶች በዕጣ ተለይተው ከፊሎቹ 300 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ገንዘብ መነሻ ይሰጣል ማለት ነው፤ ብቻውን ግን አያዘልቅም።

ባለሙያው ለምን ይናገራል?

ስለ መካሪነት በሚደረጉ ውይይቶች ሁሉ የሚዘለል ጥያቄ ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ባለሙያ፣ ሁለት ጎዳና አልፎ ያው ሥራ ለጀመረ ወጣት ላሜራ በርካሽ ከማን እንደሚገዛ ለምን ይነግረዋል? ነገ ያንኑ ደንበኛ የሚሻማው እሱ ነው። «ገበያ እንዴት ነው?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ የሚታለፍበት አገር ላይ ትርፍን፣ ኪሳራንና የዕቃ ምንጭን መደበቅ ክፋት አይደለም፤ ራስን መጠበቂያ ነው።

ከዚህ ሥር ሌላ የቆየ ነገር አለ። የእጅ ሙያ በአካባቢው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጁም ንቀቱ በአዋጅ አልጠፋም። ውጤቱ ሙያ በቤተሰብ ውስጥ ተዘግቶ መቅረቱ ነው፤ አባት ለልጅ ያሳያል፣ ከዚያ አይወጣም። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ወጣት ብየዳ ሊማር ሲመጣ፣ ሲናቅ የኖረ ሰው ዕውቀቱን በነጻ እንዲያካፍል መጠየቅ ከላይ እንደሚታየው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የሚደበቀው ዕውቀት ደግሞ ትንሽ የሚመስል ግን ቤት የሚያፈርስ ነው። ለምሳሌ ቀብድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይት በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ከውጭ የሚገባ ብረት ዋጋ በአጭር ጊዜ ይለዋወጥ ጀመር። ጀማሪው በካሬ ሜትር ዋጋ ይናገራል፣ ትንሽ ቀብድ ይቀበላል፣ ላሜራውን የሚገዛው ግን ሥራውን በሚጀምርበት ሳምንት ነው። ዋጋው በመሀል ከተነሳ ትርፉ እዚያው ያልቃል። የቆየው ባለሙያ ቀብዱን የሚያሰላው በመቶኛ ሳይሆን በዕቃው ዋጋ ነው፤ ገንዘቡ እጁ በገባ ዕለት ብረቱን ይገዛል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን የሚናገረው ሰው ያስፈልጋል።

መፍትሔው ባለሙያውን «ለአገር ስትል» ብሎ መለመን አይመስልም። አንዱ መንገድ ሙያቸው አንድ ሆኖ ገበያቸው የተለያየ ሰዎችን ማጣመር ነው፤ የብቸናውን ወጣት ከፍኖተ ሰላሙ ባለሙያ ጋር። ይህ ግን በቅርበት የሚገኘውን የሰፈር መረጃ ይቀንሳል፤ ኬንያ ላይ የሠራው ደግሞ ያ ነው። ሌላው መንገድ ለመካሪው ጥቅም የሚሰጥ ነገር ማበጀት ነው። ሁለቱ አብረው ሲገዙ መጠኑ ስለሚበዛ አቅራቢው ዋጋ ይቀንሳል፤ የተረፈ ትዕዛዝ ሲመጣ ባለሙያው ለወጣቱ ያስተላልፋል፣ ድርሻውን ይወስዳል። ጎጃም ውስጥ ወንፈል የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ማንም በነጻ አላረሰም፤ ማንም ግን ተበዘበዝኩ አላለም።

«ድጋፍና ክትትል» ሁለት ነገር ነው

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው አያውቁም። በተግባር ግን አንዱ ሌላውን ይገድላል። ብድር ያስመልሳል የተባለ ሠራተኛ መካሪ ሆኖ ሲመጣ ወጣቱ የሚነግረው የተሳካለትን ብቻ ነው። ሽያጩ መውረዱን፣ ከቡድኑ አባል አንዱ ገንዘብ ይዞ መጥፋቱን፣ ማሽኑ ለሦስት ሳምንት መቆሙን ይደብቃል፤ ምክንያቱም የሚሰማው ሰው መዝጋቢ ነው። በቡድን ዋስትና የተበደሩ ከሆነ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፍኖ ያልፋል። ምክር የሚጀምረው ችግር ከተነገረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሚያስከፍልና የሚመክር አንድ ሰው መሆን የለበትም።

የሪፖርት ልማድም የራሱን ያበላሻል። «በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ወጣት ሜንተር ተደርጓል» ማለት ቀላል ነው፤ ሰው ይቆጠራል። ስንት ጊዜ ተገናኙ፣ ምን ተለወጠ፣ ከስድስት ወር በኋላ በሥራ ላይ ያለው ስንቱ ነው የሚለው ግን አይጠየቅም።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

ቀዳሚው ተቃውሞ «ወጣቱ ያጣው ብር እንጂ ምክር አይደለም» የሚለው ነው። ክብደት አለው። መካሪ ቢኖርም ካፒታል የሌለው ሰው በጅምላ አይገዛም፤ ርካሹ አቅራቢ የሚሸጠው ደግሞ በጅምላ ነው። ነገር ግን ከላይ እንደታየው ገንዘብ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም በጊዜ ይከስማል፤ በጥቅምት የገቡትን ቄቦች ቁጥር በእጥፍ የሚጨምር ብድርም ኪሳራውን ነው በእጥፍ የሚያሳድገው።

ሁለተኛው ከዚህ ይልቅ ከባድ ነው። መካሪ የሚያስተምረው የሚያውቀውን ሥራ ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ከተማዋ ቀድሞ የሞላችውን። ፀጉር ቤት፣ ጀበና ቡና፣ ባጃጅ፣ ሱቅ። አንዱ ጀማሪ ሲሳካለት የሌላውን ደንበኛ ወስዶ ከሆነ በከተማዋ ላይ የተጨመረ ሀብት የለም። ይህን ትችት መካሪነት ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። የሚመልሰው ከውጭ ገበያ የሚያመጣ ሥራ ነው፤ የቡሬው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የታሰበው ለዚህ ነበር፣ የቆጋ መስኖ አትክልት፣ የአካባቢው በርበሬና ማርም ወደዚህ የሚያመሩ ናቸው። እዚህ ላይ ለወጣቱ የሚያስፈልገው መካሪ ጎረቤቱ ላይሆን ይችላል፤ የገዢውን የጥራት መስፈርት የሚያውቅ ሰው ነው። እንደ ጎዛምን፣ ዳሞትና መርከብ ያሉ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የዚህ ዓይነት ሰው አላቸው፤ ግን ከከተማ ወጣት ቡድኖች ጋር የሚያገናኛቸው ገመድ ቀጭን ነው።

ሦስተኛው «መጀመሪያ ሰላም» የሚለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ገበያ በትኗል፣ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ አቋርጧል። ደጀን ላይ የቆመ የጭነት መኪና ለዶሮ መኖ ምክር አይሰማም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም በዚህ ወቅት ሳይዘጉ የቀሩ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ፤ ምን ያህል ዕቃ እንዳከማቹ፣ ለማን በዱቤ እንደሰጡና ለማን እንደከለከሉ፣ በየትኛው ወር ሠራተኛ እንደቀነሱ ማወቅ ዛሬ ሥራ ለሚጀምር ሰው ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል።

ቅርጹ ምን ሊሆን ይችላል?

ርዝመቱን የሚወስነው የሥራው ዑደት ቢሆን ይሻላል። ለእንቁላል ዶሮ አንድ ሁዳዴ ማለፍ አለበት፤ ለከብት ድለባ ቢያንስ ሁለት ዙር፤ ለብረታ ብረት ግንባታ የሚቀዘቅዝበት አንድ ክረምት። ሦስት ወር ተብሎ በበጀት ዓመት የተቆረጠ መርሐ ግብር አስቸጋሪውን ወቅት ሳያይ ይዘጋል። ግንኙነቱ በሥራው ቦታ ይሁን፤ ደብተሩና ዕቃው በሌሉበት አዳራሽ የሚሰጥ ምክር ወደ ንግግር ይቀየራል። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አካባቢ መተግበሪያ ከመሥራት ይልቅ የስልክ ካርድ መግዛት ይቀላል።

የሴቶች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ወጣት ሴት ከአንድ ወንድ ባለሙያ ጋር በተደጋጋሚ ስትገናኝ ሰፈሩ የሚለው አለ፤ ብዙዎቹ ያን ፈርተው ይቀራሉ። ሴት መካሪ ማግኘት ወይም ሁለት ሦስት ሆነው እንዲሄዱ ማድረግ ቀላል መፍትሔ ነው፤ ዕቅድ ውስጥ ግን ብዙም አይገባም።

የወጪው ጥያቄ ይቀራል። ባለሙያ ግማሽ ቀኑን ሲሰጥ የሚያጣው ገቢ አለ፤ በገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ብዙ ያጣል። ለአሠልጣኝ፣ ለአዳራሽ ኪራይና ለሻይ ቡና የሚወጣው ገንዘብ ለውሎ አበል ተብሎ ያልፋል፤ ለአንድ የዶሮ አርቢ ሴት በወር ሁለት ከሰዓት ይከፈል ሲባል ግን የሒሳብ መደቡ ይጠፋል። በደንቡ መሠረት አሠልጣኝ አይደለችም፤ የምስክር ወረቀት የላትም።